«አንቀጹ ልል ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የድርሰትና የሪፖርት አጻጻፍ ኮርስ እየወሰድኩ ነው። ያስረከብኩት ጽሑፍ ሰሞኑን ታርሞ ተመለሰልኝ። የሰዋስው ስህተት የለውም ማለት ይቻላል። ግን ዳሩ ላይ ሦስት ቦታ አንድ ዓይነት አስተያየት ተጽፏል፦ «አንቀጹ ልል ነው።» በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ዓረፍተ ነገሮቼን አንድ በአንድ ሳያቸው ችግራቸው አይታየኝም። እያንዳንዳቸው ትክክል ናቸው። ታዲያ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገሮች ተሰብስበው እንዴት ደካማ አንቀጽ ይሆናሉ?

አንዱን እንዳለ ለጠፍኩላችሁ። ርዕሴ «የተማሩትን አለመርሳት» ነው።

«ጥናት ለተማሪ በጣም አስፈላጊ ነገር ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚያጠኑት ደጋግመው በማንበብ ነው። በተጨማሪም አንዳንዶች ከስር ያሰምራሉ። ማስታወሻ መያዝም ጥሩ ነው። በመሆኑም የሰው ልጅ አእምሮ ብዙ ነገር ይረሳል። ራስን መጠየቅ እንደሚጠቅም ጥናቶች ያሳያሉ። በሌላ በኩል ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ትኩረትን ይቀንሳል። ይህ ደግሞ ተማሪውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ተማሪዎች በደንብ ማጥናት አለባቸው።»

በግልጽ ንገሩኝ፣ ቅር አይለኝም። መማር ነው የምፈልገው።

አርታኢ ነኝ

እህቴ፣ መልሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ዓረፍተ ነገሮችሽን አንድ በአንድ ነው ያየሻቸው። አንቀጽ የሚጠብቀውም የሚላላውም ግን አንዱ ከሌላው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

የሰው ጽሑፍ ማረም የዕለት ሥራዬ ነው። አንድ አንቀጽ ሲላላብኝ መጀመሪያ ጸሐፊውን እጠይቃለሁ፦ «ወረቀቱን አትይ። እዚህ ጋ ምን ልትል ፈልገህ ነው?» አብዛኛው ሰው «ስለ ጥናት ነው» ዓይነት መልስ ይሰጠኛል። «ስለ ጥናት» ርዕስ ነው፣ ገና ሐሳብ አልሆነም። ሰው አይስማማበትም፣ አይከራከርበትም። «መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ደጋግሞ ከማንበብ ይሻላል» ሲባል ግን አድማጩ «እውነት? ለምን?» ብሎ ቀና ይላል።

እስቲ አንቀጽሽን አብረን እንየው።

«ጥናት ለተማሪ በጣም አስፈላጊ ነገር ነው።» ይህን የሚክድ የለም። ስለዚህ አንባቢው ልብ ውስጥ ምንም ጥያቄ አያስነሳም። ጥያቄ ካልተነሳ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ምኑን ይመልስ?

ቀጥሎ ሦስት የአጠናን ዘዴዎች መጡ፦ ደጋግሞ ማንበብ፣ ማስመር፣ ማስታወሻ መያዝ። ለምን እንደተዘረዘሩ አልገባኝም። ልታወድሻቸው ነው? ልትነቅፊያቸው ነው? ማስታወሻው «ጥሩ ነው» ተባለ፣ ሌሎቹ ዝም ተብለው ታለፉ።

«በመሆኑም የሰው ልጅ አእምሮ ብዙ ነገር ይረሳል።» እዚህ ጋ ቆም በይ። «በመሆኑም» ስትዪ ከፊቱ ያለው ምክንያት ነው፣ ከኋላው ያለው ውጤት ነው ማለትሽ ነው። ማስታወሻ መያዝ ጥሩ ስለሆነ ነው አእምሮ የሚረሳው? እንደዚያ ማለት እንዳልፈለግሽ አውቃለሁ። ቃሉ ግን እንደዚያ ብሏል።

ወርቁ ያለው ስድስተኛው ላይ ነው፦ ራስን መጠየቅ ይጠቅማል። አንቀጹን ሙሉ መሸከም የሚችለው ሐሳብ እሱ ነው። አንቺ ግን መሃል ላይ ሸሽገሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። «ጥናቶች ያሳያሉ» ብለሽም የትኛው ጥናት ምን እንዳሳየ ሳትነግሪን ወደ እንቅልፍ ዘለልሽ። እንቅልፍ የራሱ አንቀጽ ይገባዋል።

መጨረሻ ላይ «በደንብ ማጥናት አለባቸው» ትያለሽ። በደንብ ማለት እንዴት ነው? አንባቢው ከአንቀጹ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም።

የማታ ተማሪ

ኧረ በጣም ገባኝ! «በመሆኑም»ን ሳነበው ራሴ ደነገጥኩ። ሦስት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም ነበር።

ኃይለ ቃል የሚባለውን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። «የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዝ ዓረፍተ ነገር» ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። ልጽፈው ስል ግን «ጥናት አስፈላጊ ነው» ነው የሚመጣልኝ።

የቋንቋ መምህር

ልጄ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ለብዙ ዓመታት ድርሰት አስተምሬያለሁ። ትርጉሙን በቃሉ የማይወጣው ተማሪ አላጋጠመኝም። ለመጻፍ ሲቀመጥ ግን ብዙው ይቸገራል። ስለዚህ ትርጉሙን ትቼ ሁለት ጥያቄ መስጠት ጀመርኩ። ስለ ምንድን ነው የምታወሪው? ስለሱስ ምንድን ነው የምትዪው? ለመጀመሪያው «ጥናት» ትያለሽ፣ እሱ ቀላል ነው። አንቀጹን የሚያጥረው ሁለተኛው ነው። የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሚገባና የትኛው ውጭ እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። የእንቅልፍ ጉዳይ ከአንቀጽሽ መውጣት ያለበት ውሸት ሆኖ አይደለም። ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ ነው።

ቃሉን ራሱን አስተውይው። በግዕዝ አንቀጽ በር ማለት ነው። በሰዋስው ደግሞ ግስን አንቀጽ እንለዋለን፤ «ማሰሪያ አንቀጽ» የምንለው ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረውን የመጨረሻውን ግስ ነው። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ፍቺዎች እንዲይዙ እወዳለሁ። አንባቢው የሚገባበት በር ይፈልጋል፤ ከገባ በኋላም የተጀመረለት ነገር ታስሮ ማየት ይፈልጋል።

የብራና ጸሐፊዎችም ክፍሉን ለይተው ማሳየት ያውቁበት ነበር። አዲስ ክፍል ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። ሰባት ነጥብ (፨) የምንለው ምልክትም አለ፤ ዛሬ የዓለም ፊደላት በተመዘገቡበት ዩኒኮድ ውስጥ ስሙ «የኢትዮጵያ ፊደል አንቀጽ መለያ» ነው። ጥንታዊ ግሪኮችም ሐሳብ ሲቀየር ከመስመሩ ዳር አጭር ጭረት ያሰምሩ ነበር፤ ፓራግራፍ የሚለው ቃል ከዚያ ጭረት ስም የመጣ ነው። ሁሉም ለአንባቢው «አንዱ ሐሳብ እዚህ አበቃ፣ ሌላው እዚህ ጀመረ» ለማለት ነው።

ተከራካሪው

መምህር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ላንሳ። ይህ ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ «ኃይለ ቃል የአንቀጹ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል» የሚለው ይከተላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ደንቡን በሰፊው ካስለመዱት አንዱ ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ቤይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የድርሰት መማሪያ ውስጥ ጽፎታል። እሱ እንኳ «መክፈቻው ለመንደርደሪያ የተጻፈ ካልሆነ በቀር» የሚል ማሳሰቢያ አክሎበታል። ከሱ በኋላ የመጡት ማሳሰቢያውን ጥለው ደንቡን ብቻ ያዙ።

እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ሪቻርድ ብራዶክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በመጽሔቶች ላይ የወጡ 25 የባለሙያ ጽሑፎችን አንቀጽ በአንቀጽ መረመረ። በኃይለ ቃል የሚጀምሩት አንቀጾች 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው አገኛቸው። ጥሩ ጸሐፊዎች የማይከተሉትን ለምን እናስተምራለን?

አርታኢ ነኝ

ጥሩ አነሳኸው። የብራዶክን ግኝት እኔም ከሥራዬ አውቀዋለሁ። በሙያው የቆየ ሰው አንዱን ኃይለ ቃል ለሦስት አንቀጽ ያውለዋል። ወይም ጭራሽ አይጽፈውም፤ አንተ ግን አንብበህ ስትጨርስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልታወጣው ትችላለህ። እሱ ነው ልዩነቱ። የእህታችንን አንቀጽ አንብበህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማውጣት አትችልም። ሐሳቡ በወረቀቱ ላይ ባይጻፍም ጸሐፊው ዘንድ መኖር አለበት።

ሪፖርት፣ ማመልከቻ፣ የፈተና መልስ ከሆነ ግን ፊት ለፊት ማስቀመጡን እመክራለሁ። የሚያነበው ሰው ከፊቱ ሌላ ሃምሳ ወረቀት አለው። ምን ልትነግረው እንደሆነ እስከ አምስተኛው መስመር ድረስ መጠበቅ የለበትም።

የቋንቋ መምህር

ተከራካሪው እውነቱን ነው፣ እቀበላለሁ። በተለይ ተራኪ አንቀጽ ላይ ኃይለ ቃል መጀመሪያ ይሁን ማለት ታሪኩን መግደል ነው። «ያን ቀን በጣም ደነገጥኩ» ብለሽ ከጀመርሽ ድንጋጤውን ቀድመሽ ሰጠሽው። በሩ ተንኳኳ፣ ማንም አልነበረም፣ እንደገና ተንኳኳ ብለሽ ብትሄጂ አንባቢው ራሱ ይደነግጣል። አመዛዛኝ አንቀጽ ላይም አንዳንዴ ማስረጃውን ደርድሮ ፍርዱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ያምራል፤ በተለይ አንባቢው ከመጀመሪያው የሚቃወምሽ ከሆነ። አስረጂ አንቀጽ ላይ ግን ከአርታኢው ጋር ነኝ። ልጃችን እየጻፈች ያለችው አስረጂ ነው።

ነጥብና ሰረዝ

ስለ አያያዥ ቃላት ልጨምር፤ እኔም እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ስለተሰናከልኩ ነው። «በተጨማሪም፣ በመሆኑም፣ በሌላ በኩል፣ ስለዚህ» ስንማር ጽሑፍ ያያይዛሉ ተብለን ነበር። በእርግጥ ግን ያለውን ግንኙነት ያሳያሉ እንጂ የሌለውን አይፈጥሩም። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። አንቀጹን ጽፌ ስጨርስ አያያዦቹን በሙሉ አወጣቸዋለሁ። ከወጡ በኋላም ሐሳቡ የሚፈስ ከሆነ አንቀጹ ጤነኛ ነው። ከዚያ የግድ የሚያስፈልጉትን ሁለቱን ወይም ሦስቱን እመልሳለሁ። ሁሉም ነገር ከተበታተነ ግን ችግሩ ከአያያዥ አይደለም።

ታዲያ ያለ አያያዥ ምን ያያይዘዋል? አንባቢው የያዘውን ነገር አንሥቶ ከሱ መቀጠል ነው። አማርኛ ለዚህ በጣም ይመቻል። ግሱ መጨረሻ ስለሆነ አዲሱ ነገር ወደ መጨረሻው ይጠጋል፣ የታወቀው መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። እዩት፦

«ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ መልሱን ለማስታወስ ይጥራል። ጥረቱ ትውስታውን ያጠነክረዋል።»

የመጀመሪያው «ይጥራል» ብሎ አለቀ፣ ሁለተኛው «ጥረቱ» ብሎ ተቀበለው። «በመሆኑም» አላስፈለገም። አሁን ይህን እዩ፦

«ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ መልሱን ለማስታወስ ይጥራል። ትውስታ በብዙ ምክንያት ይጠነክራል።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል። አንባቢው መዝለል አለበት። በአንድ አንቀጽ ውስጥ ስድስት ጊዜ ከዘለለ ይደክመዋል፣ ያቆማል።

አንድ ሌላ ነገር። «ይህ ደግሞ ተማሪውን ይጎዳዋል» ብለሻል። «ይህ» ምንድን ነው? እንቅልፍ ማጣቱ? ትኩረት መቀነሱ? መርሳቱ? ከ«ይህ» አጠገብ ስም አስቀምጪለት፦ «ይህ የትኩረት መቀነስ»። ሁለት ቃል ብቻ ጨምረሽ አንባቢውን ከግምት ታድኚዋለሽ።

በስልክ አንባቢ

እኔ አጭር ጥያቄ ነው ያለኝ። አንቀጽ ስንት ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት? አንዱ ከአምስት ማነስ የለበትም ይላል። ሌላው በስልክ የሚነበብ ከሆነ ከሦስት አይብለጥ ይላል። ግራ ገባኝ።

አርታኢ ነኝ

ቁጥር የለውም ወንድሜ። ለስልክ ሲሆን ማሳጠሩ ዓይን ያሳርፋል፣ እውነት ነው። ግን አንዱን ሐሳብ ሦስት ቦታ ቆራርጦ «አጭር አንቀጽ ጻፍኩ» ማለት አይሆንም። አንባቢው በልቡ የጠየቀው ሲመለስለት አንቀጹ አልቋል።

ነጥብና ሰረዝ

ትንሽ ልጨምርበት። የአንድ ዓረፍተ ነገር አንቀጽም ይቻላል። ግን እንደ ጩኸት ነው፤ አንዴ ሲሆን ሁሉም ዞር ይላል፣ ሲደጋገም ማንም አይሰማውም።

የማታ ተማሪ

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መጀመሪያ የመምህርን ሁለት ጥያቄዎች መለስኩ። ከዚያ ኃይለ ቃሉን ጻፍኩና አንባቢ ሆኜ ምን እንደምጠይቅ ዳር ላይ አሰፈርኩ፦ «ለምን?»፣ «ደጋግሞ ማንበብ ምን ችግር አለው?»፣ «በምን ታወቀ?» እነዚህን ሦስቱን ብቻ ለመመለስ ሞከርኩ። «ጥናቶች ያሳያሉ» ያልኩትንም ፈልጌ ስሙን አገኘሁት።

«የተማሩትን ለረጅም ጊዜ ለመያዝ መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ደጋግሞ ከማንበብ ይሻላል። ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል፤ ዓይን ገጹን ሲለምደው አእምሮ ያወቀው ይመስለዋል። መጽሐፉ ሲዘጋ ግን ገጹ የለም። ተማሪው መልሱን ከራሱ ለማውጣት ይጥራል። ትውስታውን የሚያጠነክረው ይህ ጥረት ነው። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ያስታወሱት ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ነበሩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ በማንበብ ፋንታ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ስለዚህ ተማሪዎች ራሳቸውን መጠየቅ አለባቸው።»

እንዴት ነው? አሁንም ልል ነው?

አርታኢ ነኝ

ይሄማ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። ያንቺ መሆኑ ደግሞ በጣም ደስ ይላል።

አንድ ነገር በተለይ ልንገርሽ። የ5 ደቂቃውን ውጤት አለመደበቅሽ አንቀጹን አጠንክሮታል። ብዙ ሰው ከሐሳቡ ጋር የማይሄደውን ማስረጃ ይተዋል። አንቺ አስገባሽው፣ እሱም «ያታልላል» ያልሽውን መልሶ አስረዳልሽ። በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚታየው ውጤት ነው ተማሪውን የሚያታልለው። ይህን ያየሁት ሁለተኛ ሳነበው ነው።

የማልወደው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው። መጀመሪያ ያልሽውን ነው የደገመው፤ በዚያ ላይ አሳነሰው። የመጀመሪያው «ይሻላል» ብሎ ያወዳድራል፣ የመጨረሻው «አለባቸው» ብሎ ያዛል።

የማታ ተማሪ

ግን ማጠቃለያ ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት ተብለን ነው የተማርነው። ዝም ብዬ ላጥፋው?

የቋንቋ መምህር

አንቀጹ ረጅም ከሆነና አንባቢው መንገዱ ሊጠፋበት ይችላል ብለሽ ከሰጋሽ ማጠቃለያ ይጠቅማል። ይህ ግን ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አልጠፋንም። እዚያ ቦታ ላይ የግድ አንድ ነገር ማለት ከፈለግሽ ከማስረጃው የሚከተለውን በይ። ሙከራው ይህን ካሳየ፣ ዛሬ ማታ መጽሐፉን ሦስተኛ ጊዜ አንብቦ «ገባኝ» ብሎ ለሚተኛ ተማሪ ምን ማለት ነው? ለሱ ጻፊለት።

ተከራካሪው

እኔ ቢሆን «በለጡ» ላይ አቆም ነበር። ግን መምህር ያሉትም ይሆናል።

የማታ ተማሪ

ሦስት ዓይነት ሞከርኩ። ሁለቱ አሁንም ምክር ምክር ይላሉ። ያስቀረሁት ይህን ነው፦

«ደጋግሞ ያነበበ ተማሪ ዛሬ ማታ የሚሰማው መተማመን ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሰውን አይነግረውም።»

የቋንቋ መምህር

ጎበዝ ልጄ። አትንኪው፣ እንዳለ ይሁን።

የማታ ተማሪ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ጽሑፉን አርሜ የማስረክብበት አራት ቀን አለኝ። ሌሎቹን ሁለት አንቀጾች ዛሬ በዚሁ መንገድ ጀመርኩ። አንደኛው ውስጥ «በተጨማሪም» አራት ጊዜ አገኘሁ፣ ሦስቱን ሳወጣቸው ምንም አልጎደለም።

የእንቅልፏን ዓረፍተ ነገርም አልጣልኳትም። የራሷን አንቀጽ ሰጠኋት። አሁን መክፈቻው እንዲህ ይላል፦ «ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ተማሪ፣ ያነበበውን የሚያስቀምጥበትን ሰዓት ነው ለንባብ ያዋለው።» ዳሩ ላይ «እንዴት?» ብዬ ጽፌያለሁ። እሱን ልመልስ ልሂድ።